ሲንቄ የሰበረ ቤት

«ለእኔ ነው የመጣሽው ወይስ ለእነሱ?»

ፋዲላ ይህን የጠየቀችኝ ከአራስ አልጋዋ ላይ ሆና፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች ነው። እኔ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። በእጄ የቅልጥም መረቅ የሞላ ፔርሙዝ ይዣለሁ። መረቁን ያሠራው፣ «አንቺ ከወሰድሽላት ትጠጣለች» ብሎ የላከኝ የባሏ ታላቅ ወንድም መሐመድዘይን ነው። መሐመድዘይን ደግሞ የምወደው ሰው ነው። ታዲያ ምን ብዬ ልመልስላት?

«መረቁ ይበርዳል» አልኳት።

«ይብረድ።»

ሕፃኗ አጠገቧ ተኝታለች። ፋዲላ ቀስ ብላ ስትዞር ግራ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። የእጇን አንጓ በሻሽ ጠቅልላዋለች። ጎንበስ ብዬ ፔርሙዙን ሳስቀምጥ ከአልጋው ሥር ሁለት ቁራጭ እንጨት አየሁ። አነሳኋቸውና ወዲያው መልሼ አስቀመጥኳቸው፤ አቃጠሉኝ። ሲንቄዋ ነው።

አርሲ ላላደገ ሰው መናገር አለብኝ። እናት ልጇን ስትድር ከምትሰጣት ዕቃ ሁሉ የምትበልጥ አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች። ሲንቄ እንላታለን። በሲንቄ ሰው አይመታም፤ ከብት እንኳ አይነዳበትም። ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ከቤቷ ትወጣና ትጮኻለች። ጩኸቷን የሰማች ሴት ሁሉ ሊጡንም ልጁንም ትታ፣ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትከተላታለች። ሲንቄ ይዘው የቆሙ ሴቶችን ጥሶ የሚያልፍ ወንድ የለም። የፋዲላን ሲንቄ የሰጠቻት እናቷ ናት፤ እናቷ ደግሞ አምና ደራ ላይ ተቀብራለች።

«ገና አራስ ነኝ፣ ደሜ አልቆመም አልኩት» አለችኝ። «ደግሜ አልኩት። ሃይማኖታችንም አይፈቅድም አልኩት። ከበሩ ኋላ ያገኘውን አነሳ።»

ባሏ ሰዓድ አዳማ ተወልዶ አዳማ ያደገ ነው። ጸጉሩ በየሳምንቱ ይስተካከላል፣ ጫማው ያበራል። የስልክ ዓይነት በድምፁ ይለያል። የሚስቱን ሲንቄ ግን ከመጥረጊያ እንጨት አይለይም። እንዲህ ያለው ሰው ነው «የቤት አባወራ» የሚባለው።

ፔርሙዙን ሳትነካው ወጣሁ። የእሷን ጥያቄ ግን ይዤው ወጣሁ።

*

መሐመድዘይንን ያወቅሁት መናኸሪያው በር ላይ ሻይና ሳምቡሳ ስሸጥ ነው። በደራና በአሰላ መስመር የሚሠሩ ሚኒባሶች አሉት። የልጄ የሑስና አባት ጅቡቲ መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦ ከሞተ ጀምሮ ወንድ የሚባል ነገር አላሰብኩም ነበር። ለማሰብ ጊዜስ የት አለኝ? ሑስና አስፋልት ስትሻገር ይጨንቀኛል፤ ሳትሻገር ስትቆይ ደግሞ የት ቀረች ብዬ ይጨንቀኛል። ስትስቅ ማን አሳቃት፣ ዝም ስትል ማን ምን አላት እላለሁ። ጭንቀት ለእኔ እንደ ሥራ ልብስ ነው።

እሁድ እሁድ ፊደል መማር መጀመሬን ሲሰማ መሐመድዘይን አልሳቀም። መጀመሪያ የወደድኩለት ያንን ነው። ሚኒባሶቹ ከደራ ሲመለሱ የኋላ መስታወታቸው አቧራ ለብሶ ይመጣል። እሱ በጣቱ አንድ ቃል ይጽፍበትና ሻዩን ይዞ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ሌላ ሰው የሚጠብቅ ይመስላል። እኔ ሳምቡሳውን እያገላበጥኩ አነባለሁ። «ዝ-ና-ብ።» «ሎ-ሚ።» አንድ ቀን ስሜን ጻፈው። ቀ-መ-ሪ-ያ። ቀና ስል ዓይኑ ዓይኔ ላይ ነበር፤ ቶሎም አላነሳውም። ዘይቱ ሲያርር እንኳ አልታወቀኝም። ከዚያ ሾፌሩ መጥቶ በጨርቅ ጠረገው። ቀኑን ሙሉ ሾፌሩን ጠልቼው ዋልኩ።

እናቱ ሐጂያ ዙህራ ከወሎ መጥተው በጨርቅ ንግድ የከበሩ ሴት ናቸው፤ ሁለቱም ልጆቻቸው፣ ሰዓድም ሚስቱን ይዞ፣ የሚኖሩት እሳቸው ግቢ ውስጥ ነው። ስሜን ጠርተውት አያውቁም። «ሻይቷ» ነው የሚሉኝ። አንድ ጊዜ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ እኔ ውኃ እያቀረብኩ፣ ለጎረቤታቸው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ፦

«የመናኸሪያ ሴት ብትታጠብ ብትታጠብ የዘይቱ ሽታ አይለቃትም።»

እውነታቸውን ነው፤ አይለቅም። እኔ ግን ሽታዬን ደብቄ ሽቶ አላርከፈከፍኩበትም።

ከፋዲላ ቤት በወጣሁበት ቀን ከሰዓት መሐመድዘይን መጣ። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ጠጣችልኝ?»

«አልጠጣችም።»

«አይ ይቺ ልጅ…» ግንባሩን አሸ። «ሰዓድ ተጸጽቷል፣ ወላሂ። ሰኞ ጠዋት ሽማግሌዎች ይመጣሉ። በግ ይታረዳል፣ ይቅር ይባባላሉ። ከዚያ ፋዲላ ለጥቂት ጊዜ ደራ ወንድሟ ዘንድ ትቆያለች። እኔው ራሴ ፍራሽ አንጥፌ፣ ቀስ ብዬ እየነዳሁ አደርሳታለሁ።»

«አራስ ከቤቷ ትወጣለች?»

«ነገሩ እስኪረጋጋ ነዋ።»

«ያልተረጋጋው ማን ነው? የመታው ነው። ታዲያ እሱ አይወጣም?»

«ቀመሪያ፣ ቤቱ እኮ ቤቱ ነው።»

«የእሷስ?»

ስኒውን በጣቶቹ መሃል አዞረው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያን ስጠብቀው የኖርኩትን ነገር ተናገረ፦

«እነዚያ የእሁድ ሴቶች አንቺን ይሰማሉ። ሰኞ መጥተው እንዳይጮኹብን አድርጊልኝ። ይሄ ነገር ይለፍ እንጂ፣ እነዚያው ሽማግሌዎች ወደ አንቺ ይላካሉ። እናቴም እሺ ብላለች።»

እናቴም እሺ ብላለች። ሐጂያ ዙህራ «ሻይቷን» እሺ አሉ! የሚያስቅ ነገር ነበር፤ እኔ ግን አላሳቀኝም። በር ያለው ግቢ፣ ለሑስና መቀርቀሪያ ያለው ክፍል፣ ለእኔ ማታ ማታ ስሜን የሚጠራ ሰው። ይህ ሁሉ በአንዲት ሴት ዝምታ ይገኛል ተባልኩ። መሬት እንደ ወደቀ ዳቦ አንስቼው፣ አራግፌ ልጎርሰው አማረኝ።

*

የእሁድ ትምህርታችን ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። የምታስተምረን ሲስተር ዘርፉ ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። መጀመሪያ ፊደል፣ ቀጥሎ የእርግዝና ክትትል፣ ቀጥሎ ማን ቤት ማን ተመታች። ከዚያ ተከፋፍለን ቤት ለቤት እንሄዳለን። ደመወዝ የለንም፣ ማኅተም የለንም።

ማኅተም ያላቸውማ በዓመት አንዴ፣ ማርች ስምንት ሲደርስ ይመጣሉ። ቲሸርት ያድሉናል፣ ባነር ያስይዙናል፣ ፎቶ ያነሱናል። «እናቶች፣ ፈገግ በሉ» ይሉናል። ቲሸርቱ ላይ «ጥቃትን በጋራ እንከላከል» ይላል። ሁለቴ ሲታጠብ «ጥቃትን በጋራ» ብቻ ይቀራል።

በዚያ እሁድ ሲስተር ዘርፉ ጠመኔውን ሳታነሳ ጀመረች።

«ፋዲላን ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። የእጇ አንጓ ተሰንጥቋል። ደሟም ጨምሯል። ፖሊስ ጣቢያ ስሄድ ተረኛው ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹የቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ መጀመሪያ በሽማግሌ ሞክሩት።› ሞክሩት ይለኛል! የጫማ ቁጥር ነው እንዴ የሚሞከረው?»

«የቱን ሽማግሌ?» አለች ገላኔ። ገላኔ ከባቱ ዓሣ እያመጣች የምትሸጥ ናት፤ ምላሷ ከቢላዋዋ ይሰላል። «እነዚያ በጉ እስኪበስል ድረስ ፍርድ የማይበስልላቸውን?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሲስተር ዘርፉ ግን አልሳቀችም።

«ሰኞ ጠዋት አራሷን መኪና ላይ ጭነው ደራ ሊወስዷት ነው። መንገዱን ታውቁታላችሁ። ደሟ እየፈሰሰ ከሄደች እኔ ኃላፊነት አልወስድም። እዚያስ ማን አላት? የወንድሟ ሚስት ናት የምታርሳት? ከሄደች ደግሞ ቤቷም ቀረ፤ እሱም እዚያው ሆኖ ሌላ ያገባል። ስለዚህ ምን እናድርግ?»

ገላኔ ተነሳች። «ሲንቄዋን ነው የሰበረባት። ምን እናድርግ አይባልም፤ የታወቀ ነው። ነገ ጠዋት እንወጣለን።»

«የሌለንስ?» አለች አንዲት ጉራጌ ሴት ከኋላ።

«ዘነዘናም ቢሆን ያዢ እቴ።»

«እኔ ጃንጥላ አለኝ» አለች ሲስተር ዘርፉ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። የመናኸሪያው በር ምሥጢር አይደብቅም፤ የመሐመድዘይንን ነገር ሁሉም ያውቃል።

«ቀመሪያ፣ አንቺስ?» አለች ገላኔ። «ወይስ የሐጂያ ዙህራ ምራት ሲንቄ አትይዝም?»

«እኔ የምለው…» አልኩ። «ሽማግሌዎቹን መጀመሪያ ብንሰማቸው ምን አለበት…»

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ገላኔ ከንፈሯን እንኳ ሳትመጥ ፊቷን አዞረች። ሲስተር ዘርፉ «እሺ፣ ደብተር አውጡ» አለች። የጻፍኩትን ቃል ዛሬ አላስታውሰውም። ያን ቀን ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ መቅረቱን ነው የማስታውሰው።

ቤት ስገባ ሑስና ልብስ እያጠፈች ነበር። የመሐመድዘይንን ቃል ነገርኳት፤ ነገሩን እንደ የምሥራች ነው የነገርኳት። ድምፄን ራሴው ሰማሁት፤ ዕቃ እንደሚያሻሽጥ ሰው ነበር የምናገረው። ግቢው ሰፊ ነው፣ ውኃ አለው፣ የራስሽ ክፍል ይኖርሻል አልኳት።

ሑስና ሸሚዙን አጥፋ ጨረሰች። ከዚያ ቀና ብላ፦

«እማ፣ የእኔ ክፍል ከጋሼ ሰዓድ ክፍል ጋር ይዋሰናል?» አለችኝ።

ዓይኗ ላይ ክፋት የለም፣ ቁጣ የለም። የክፍሉን ስፋት እንደምትጠይቅ ነው የጠየቀችው። አስፋልት ስትሻገር የሚጨንቀኝ እናት፣ ልጄን ወዴት ልወስዳት እንደተነሳሁ ያየሁት ያኔ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ከበሩ ኋላ ያለችው የራሴ ሲንቄ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም፤ እኔን ግን ያየችኝ መሰለኝ።

*

ሰኞ ጠዋት ስደርስ የሐጂያ ዙህራ በር ላይ ሴቶቹ ቆመዋል። አርሲዎቹ ሲንቄ ይዘዋል፣ ሌሎቹ የመጥረጊያ እንጨትና ዘነዘና፤ ሲስተር ዘርፉ ጃንጥላዋን እንደ ጠመንጃ ትከሻዋ ላይ አድርጋዋለች። ግቢው ውስጥ ሚኒባሱ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ሞተሩ ይሠራል። የኋላ ወንበሮቹ ተነቅለው ፍራሽ ተነጥፏል። በረንዳው አጠገብ አንድ በግ ታስሮ ይጮኻል።

ገላኔ አየችኝ። የያዝኩትንም አየች። ትከሻዋን ወደ ጎን አድርጋ ቦታ ሰጠችኝ።

ሐጂያ ዙህራ ብቅ አሉ። ሽቶአቸው ቀደማቸው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ እንጨት? ግቢ ልትጠርጉልን ነው?»

«አዎ ሐጂያ» አለች ገላኔ፣ «ቆሻሻ አለ ተብለን ነው።»

ሐጂያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንቺም?» አሉ። «እኔ ደግሞ ሰው ላደርግሽ ነበር።»

«ሰው ሆኜ ነው የመጣሁት፣ ሐጂያ» አልኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ከሳሎን ወጡ፤ ፊታቸው ከቁርስ እንደተነሳ ሰው ወዝቷል። አራት ናቸው። ሦስቱ የሐጂያ የገበያ ወዳጆች ናቸው። አራተኛው ኦቦ ምልኬሳ የሚባሉ የአርሲ አዛውንት ናቸው፤ ፋዲላ የአርሲ ልጅ ስለሆነች «ወገኗም አለበት» ለማሰኘት ነው የጠሯቸው። ሰዓድ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል። ሚስቱ እዚያ በር ውስጥ አንድ ዓይኗ ተከድኖ ተኝታለች፤ እሱ በአውራ ጣቱ ስልኩን ወደ ላይ ይገፋል፣ ወደ ታች ይገፋል።

ከነጋዴዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቶቻችን፣ ነገሩ አልቋል። ልጁ ወጣት ነው፣ ሸይጣን ነው ያሳሳተው፣ ጥፋቱን አምኗል። በጉም ይኸው። ልጅቷ ለእረፍት ወንድሟ ዘንድ ትሄዳለች። ለተሰበረውም እንጨት ቢሆን» አለና ከኋላው አንድ ነገር አነሳ፣ «ምትክ ተገዝቷል።»

ከፍ አድርጎ አሳየን። ወፍራም፣ በብርጭቆ ወረቀት የተላገ፣ ቫርኒሽ የተቀባ አዲስ እንጨት ነው። የዋጋው ወረቀት እንኳ አልተላጠም።

መጀመሪያ ዝም ብለን አየነው። ምን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብን። ከዚያ ገላኔ ፈነዳች።

«ይሄ እኮ የዶማ እጀታ ነው!»

እንዲያ ያለ ሳቅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። የመንገዱ ባጃጆች ቆሙ። አንዷ ሴት ዘነዘናዋን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ዶማውንስ የት ጣላችሁት?» አለች አንዷ። «ዶማውንማ እናቱ ድራዋለች!» አለች ሌላዋ። ሰውዬው እጀታውን ወደ ኋላው ደበቀ፤ ረጅም ስለሆነ በትከሻው ላይ ብቅ አለ፤ ሳቁ እንደገና ተነሳ። እኔ ግን ሳቄ መሃል ላይ ቆመ። ሚኒባሱ አጠገብ የቆመው መሐመድዘይን መሬት መሬት ያያል። እጀታውን የገዛው እሱ መሆኑን ከፊቱ አነበብኩት። በደግነት ነው የገዛው። በደግነት ገበያ ሄዶ፣ የእናት እጅ ብቻ የሚሰጠውን ዘንግ ከብረታ ብረት ሱቅ ጠየቀ።

ኦቦ ምልኬሳ አልሳቁም። ወደ ነጋዴው ዞሩ።

«ምትኩ ለምንድን ነው? ለእኔ የተነገረኝ ባልና ሚስት ተጋጩ ተብሎ ነው። የተሰበረው ምንድን ነው?»

በጉ ብቻ ጮኸ።

ያኔ እግሬ ራሱ ተነሳ። ሴቶቹን አልፌ፣ ሐጂያን አልፌ፣ ወደ ፋዲላ ክፍል ገባሁ። ለመንገድ አልብሰዋታል፤ ሕፃኗን አቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አየችኝ፤ እጄ ላይ ያለውንም አየች። ከአልጋው ሥር ያሉትን ሁለት ቁራጮች እስካነሳ ድረስ አልተናገረችም። ከዚያ በደህናው እጇ እጅጌዬን ያዘች።

«ቀስ ብለሽ ያዢልኝ» አለችኝ።

ይዤ ወጣሁና ለኦቦ ምልኬሳ ሰጠኋቸው። አዛውንቱ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቁራጮቹን በሁለት መዳፋቸው ተቀበሉ፤ ሕፃን ሲቀበሉ እንደዚያ ነው።

«በዚህ ነው የመታት?»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ ሰዓድ ዞሩ። አዛውንቱ ቀጠሉ፦

«አራሷን? በእናቷ ሲንቄ?»

ሰዓድ ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ኦቦ፣ እኔ እኮ ዱላ መስሎኝ ነው» አለ።

እንደ መከላከያ ነበር የተናገረው። ዱላ ቢሆን ኖሮ ምንም አይደለም ማለቱ ነው! ኦቦ ምልኬሳ አላዩትም እንኳ። ለነጋዴው፦

«ሲንቄ አይገዛም። እናቷን ከመቃብር ቀስቅሳችሁ ልታሰጧት ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ይህን ጉድ ይዛችሁ ሂዱ» አሉና ግቢውን አቋርጠው ወጡ። ከእኛ ጎን ከአጥሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ፣ ጀርባቸውን ለሽማግሌዎቹ ሰጥተው ተቀመጡ። «ሲንቄ በቆመበት ደጅ እኔ አላልፍም። ከእንግዲህ የሚናገሩት እነዚህ ናቸው።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ በጉን አዩት። ሲስተር ዘርፉ ጃንጥላዋን መሬት ላይ መታች።

«አራስ ከቤቷ አትወጣም። የመታት ይወጣል። ፖሊስ ጣቢያም ይቀርባል። እስኪወጣ እዚሁ ነን።»

ደስታ ሊሰማኝ ይገባ ነበር። ግን ከሚኒባሱ አጠገብ መሐመድዘይን ስሜን ጠራ።

*

ከሚኒባሱ ኋላ ቆምን። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ከሁሉ አንቺ?» አለኝ። «ከሁሉ ሰው አንቺ፣ ቀመሪያ?»

«ከሁሉ እኔ።»

«እኔ በዕድሜዬ ሴት ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም። ታውቂኛለሽ። እኔን ከእሱ ጋር አንድ ታደርጊኛለሽ?»

«አላደርግህም።» እውነቴን ነበር። እጁን ልይዘው ምን ያህል እንደቀረኝ አሏህ ነው የሚያውቀው። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ያን ዕለት የት ነበርክ?»

የኋላ መስታወቱን በጣቱ ነካ።

«መሐመድ።»

«ሳሎን።»

ሳሎኑና የፋዲላ ክፍል የሚለያዩት በአንድ ግድግዳ ነው።

«ሰማህ?»

«እናቴ አጠገቤ ነበረች። ስኳርም ግፊትም አለባት። ደንግጣ እንዳትወድቅብኝ ብዬ…» ምራቁን ዋጠ። «የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመርኩት።»

መንገዱ ላይ ሴቶቹ እልልታ ጀምረዋል። እኔ ግን የሚሰማኝ ያ ቴሌቪዥን ብቻ ነበር።

«ምን ነበር?»

«ምኑ?»

«ቴሌቪዥኑ ላይ። ምን ነበር የምታየው?»

«ቀመሪያ፣ ምን ያደርጋል ይሄ…»

«ምን ነበር?»

«ኳስ።»

«ማን አሸነፈ?»

ለመመለስ አፉን ከፈተ። ያውቀዋል። ውጤቱን ያውቀዋል! ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቴን ሲያይ ነው የዋጠው። ከግድግዳው ወዲያ የእናት ሲንቄ አራስ ላይ ሲሰበር፣ እሱ ጨዋታውን እስከ መጨረሻው አይቶታል።

«እኔ አንቺን አላስነካም» አለ። አለቀሰ። «በቁርዓን እምልልሻለሁ፣ አንቺንም ሑስናንም ማንም አይነካም። እወድሻለሁ። አንቺን ካጣሁ ምን ይቀረኛል?»

«እንደምትወደኝ አውቃለሁ። ግን አንድ ቀን ልጄ ብትጮህ፣ ድምፁን ስንት ላይ ታደርገዋለህ?»

እንደ ተመታ ሰው ፊቱን ሸሸገ። እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ ለምን እደብቃለሁ? ሰዓድን መናቅ ቀላል ነው። አውሬ ነው፤ አውሬነቱ ከሩቅ ይታያል። የዚህኛው ግን ደህና ሸሚዝ ለብሶ፣ መረቅ አሠርቶ፣ ፍራሽ አንጥፎ ነው የመጣው። ንቀት ፍቅርን የሚያባርር ይመስለኝ ነበር። አያባርርም። አብሮት አንድ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ደረቴ ላይ የተቀመጡት ሁለቱም ናቸው።

«አሁንም ጊዜ አለህ» አልኩት። «ና፣ ከኦቦ ምልኬሳ አጠገብ ቁም። ያን ያህል ብቻ። አልመታሁም ግን ሰምቻለሁ በል። ፖሊስ ፊት ሰምቻለሁ በል።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ዓይኑ እንደዚያ ቀን ዓይኔ ላይ ነበር፤ ሊመጣ መሰለኝ። አንድ እርምጃም ተራመደ።

«ወንድሜ እኮ ነው» አለኝ።

ልቤ ውስጥ አንድ በር ሲዘጋ ሰማሁ። ምንም ድምፅ አልነበረውም፤ እኔ ግን ሰማሁት።

*

ሰዓድ ቦርሳውን ይዞ ሲወጣ ሴቶቹ ዘንጎቻቸውን እንደያዙ ለሁለት ተከፈሉ። የሰደበው የለም፤ ዝም ብለው አዩት። ለፋዲላ ተብሎ በተነጠፈው ፍራሽ ላይ ቦርሳውን ወረወረና ከፊት ገባ። መሐመድዘይን መሪውን ያዘ። ሐጂያ ዙህራ «ሁለቱንም? ያረቢ፣ ሁለቱንም ልጆቼን?» እያሉ በሩ ላይ ቀሩ። ሚኒባሱ ወደ ባቱ መንገድ ታጠፈ።

ሲስተር ዘርፉ እንደገና ፖሊስ ጣቢያ ሄደች፤ በዚህ ጊዜ ኦቦ ምልኬሳም፣ እኔም፣ ገላኔም ከነዓሣ ሽታዋ አብረናት ገባን። ተረኛው መዝገብ ከፈተ። ሰዓድ ከቀናት በኋላ ተጠርቶ ቀርቧል፤ ጉዳዩ ቀጠሮ ላይ ነው። ወንድሙ ግን ለምስክርነት ተጠርቶ አልመጣም።

እኛ ያስወጣነው አንዱን ነበር፤ የሄዱት ሁለቱም ናቸው። ፋዲላ ከልጇ ጋር በቤቷ ቀረች። እኔም ከልጄ ጋር ቀረሁ።